የስኳር በሽታን በዲጂታል መሣሪያ ለመከላከል ነርስነቴን ልተው?

ጥያቄ፦ በአንድ የከተማ ጤና ጣቢያ የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ውስጥ ለአራት ዓመታት ያህል በነርስነት ሠርቻለሁ። ስኳር እንዳለባቸው የሚያውቁት እግራቸው ቆስሎ ወይም ዓይናቸው ደክሞ ከመጡ በኋላ የሆኑ ሰዎች በየጊዜው ያጋጥሙኛል። አስቀድሞ ለሐኪሙ የሚጠቁም መተግበሪያ ቢኖር ብዙዎቹን ማትረፍ ይቻል ነበር ብዬ አምናለሁ። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በኢንተርኔት መማር ጀምሬአለሁ። ጓደኞቼ ሥራሽን ልቀቂና ሙሉ ጊዜሽን ለሶፍትዌር ስጪ ይሉኛል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሥራሽን አትልቀቂ። ፓይተኑንም አትተዪው፤ ቅደም ተከተሉን ግን ገልብጪው።

ኮድ የሚጽፍ ወጣት ዛሬ ማግኘት ከባድ አይደለም። አንድ ታካሚ ከካርድ ክፍል ተነሥቶ መድኃኒት ቤት እስኪደርስ የት የት እንደሚቆም፣ ማን ምን እንደሚጽፍ፣ መዝገቡ ላይ የትኛው ዓምድ ሁልጊዜ ባዶ እንደሚቀር የሚያውቅና ይህንን ለሶፍትዌር ሠሪው ማስረዳት የሚችል ሰው ግን ብርቅ ነው። ያ ሰው ለመሆን የሚያስፈልገው ዕውቀት ግማሹ በእጅሽ ነው፤ ከክፍሉ ከወጣሽ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ይደበዝዛል።

እስኪ በየቀኑ የምታዪያትን ዓይነት አንዲት ሴት እናስብ። ዕድሜዋ 48 ነው፤ የሸቀጥ ሱቅ ስላላት ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ትውላለች። የመጣችው ራሷን አሟት ነው። የደም ግፊቷ ተለክቶ ካርዱ ላይ ይጻፋል፣ ማስታገሻ ይታዘዝላታል፣ ትሄዳለች። እናቷ የስኳር ሕመምተኛ መሆን አለመሆኗን የጠየቃት የለም፤ ወገቧንም የለካ የለም። በፊንላንድ የተዘጋጀ ፊንድሪስክ የሚባል መጠይቅ አለ። ስምንት ጥያቄ ብቻ ነው፣ ደም መቅዳትም አያስፈልገውም። ይህችን ሴት በእርሱ ብናሰላት ለዕድሜዋ 2፣ ከ88 ሴንቲ ሜትር ለበለጠው የወገቧ ዙሪያ 4፣ እናቷ ስኳር ስላለባቸው 5፣ በቂ የሰውነት እንቅስቃሴ ስለማታደርግ 2፣ አትክልትና ፍራፍሬ በየቀኑ ስለማትመገብ 1፣ ክብደቷ ለቁመቷ ከሚገባው ጥቂት ስላለፈ 1 ነጥብ ታገኛለች። ድምሩ 15 ነው። በመጠይቁ አመዳደብ ከ15 እስከ 20 ነጥብ ካገኙ ሰዎች ከሦስቱ አንዱ በ10 ዓመት ውስጥ በሁለተኛው ዓይነት ስኳር (በብዛት በአዋቂዎች ላይ በሚታየው) እንደሚያዝ ይገመታል።

ልብ በይ፤ እስካሁን ያደረግነው ሁሉ በወረቀት፣ በእስክሪብቶና በሜትር የሚያልቅ ነው። ኮምፒውተሩ የሚጠቅመን ሐኪሙ ሲጣደፍ ጥያቄው እንዳይዘለል፣ ውጤቱ ካርድ ውስጥ ተቀብሮ እንዳይቀር፣ ሴትየዋም ከስድስት ወር በኋላ በጉንፋን ስትመለስ ነገሩ እንዲታወስ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በወረቀት ሞክሪው። አንድ የተመላላሽ ክፍል፣ ሦስት ወር፣ ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆኑ ታካሚዎች ይበቁሻል። መጠይቁ ስንት ደቂቃ ይወስዳል? ማን ይሙላው፣ የልየታ ነርሷ ወይስ ጤና መኮንኑ? የትኛውን ጥያቄ ሰዎች ሳይረዱት ይመልሳሉ? እነዚህን ሳታውቂ የሚጻፍ ኮድ ከንቱ ድካም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ በዚህ መስክ የብዙ ሰው ጥረት ሲባክን የማየው እዚህ ላይ ስለሆነ። መተግበሪያው «ይህች ሴት ስጋት አለባት» ብሎ ቀይ ምልክት ቢያሳይ፣ ሐኪሙ ቀጥሎ ምን ያድርግ? የስኳር መለኪያው ወረቀት ካለቀ፣ ስለ አመጋገብ የሚያማክራት ሰው ከሌለ፣ ቀጠሮዋን የሚከታተል ከሌለ ምልክቱ ጌጥ ነው። ጭራሽ ምልክቱ ሲበዛ ሐኪሞች ሳያነቡ መዝጋት ይለምዳሉ፤ አንዴ ከለመዱ ደግሞ እውነተኛውንም ማስጠንቀቂያ አያዩትም።

ስኳርን መከላከል እንደሚቻል ጥርጥር የለውም። በአሜሪካ 3,234 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመው ጥናት ክብደታቸውን በ7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙ ሰዎች በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የወሰዱት ደግሞ በ31 በመቶ። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ያለማቋረጥ የሚያግዛቸው አማካሪ ነበራቸው። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2016 የመከላከያ መርሐ ግብሯን ስትጀምር የቤተሰብ ሐኪሙ ከኮምፒውተር መዝገቡ የለየውን ሰው የሚልክበት ትምህርት አብሮ ተዘጋጅቶ ነበር። ያንቺ ጤና ጣቢያ ታካሚዋን ወዴት ይልካታል? መልሱ ምናልባት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። እርሷ ቤት ለቤት ትሄዳለች፣ ቤተሰቡን ታውቃለች፣ ወገብ መለካትም አያቅታትም። ከእርሷ ጋር አሁኑኑ ተነጋገሪ።

አንድ ነገር በተለይ አደራ እልሻለሁ። የውጭ አገር መለኪያ እንዳለ አይገለበጥም። ፊንድሪስክ የተሠራው በፊንላንድ ሕዝብ ላይ ነው። በጎንደርና አካባቢው ለረጅም ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በገጠር ከሚታዩት ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የስኳር ሕመምተኞች መካከል ብዙዎቹ ቀጫጮችና ድሆች ናቸው። መሣሪያሽ ክብደትን ብቻ እያየ እነዚህን ሰዎች «ደኅና ናችሁ» ብሎ ከሸኘ፣ ወይም ሰውነቱ የከሳን ገበሬ ክብደት ቀንስ ብሎ ከመከረ፣ ጉዳት አድርሷል ማለት ነው። የስጋት መጠይቁና የሕመም ምልክት መጠይቁ መለየት አለባቸው፤ ውኃ ጥም፣ ሽንት ማብዛትና መክሳት ያለበት ሰው ነጥብ ሳይቆጠርለት በቀጥታ ይመርመር።

የመቁረጫ ቁጥሩም፣ ማለትም ሰው ስኳር አለበት ወይም ስጋት ላይ ነው የሚባልበት ልክ፣ እንዲሁ ነው። ሳይበላ በተለካ የደም ስኳር 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ስኳር መሆኑ ያግባባል፤ ምልክት የሌለበት ሰው ላይ ምርመራው ይደገማል። ከዚያ በታች ያለውን የቅድመ ስኳር ደረጃ (ከጤናማው ልክ ያለፈ፣ ስኳር ለመባል ግን ያልደረሰ) ግን የአሜሪካ የስኳር ማኅበር ከ100 ሲጀምር፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ110 ይጀምራል። ከ100 ብትነሺ ስማቸው የሚመዘገበው ሰዎች በጣም ይበዛሉ፤ ክትትሉን የምትሸከሙት ደግሞ እናንተው ናችሁ። ይህን ፕሮግራም ጸሐፊ ብቻውን ሊወስን አይገባም። አገር አቀፉን የሕክምና መመሪያ ይዘሽ ከሐኪሞቹ ጋር ተቀምጠሽ የምትወስኚው ነው።

ስለ ትምህርቱ። ከፓይተን በፊት ኤክሴልን በደንብ ያዥ። ቀጥሎ ጤና ጣቢያሽ ወርሃዊ ሪፖርት የሚልክበትን ዲኤችአይኤስ 2 የተባለ የኮምፒውተር የጤና መረጃ ሥርዓት ተማሪ፤ ሥርዓቱን የሚመራው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በነፃ የሚሰጠው የመግቢያ ትምህርት በኢንተርኔት አለ። የጤና መረጃ ቴክኒሻኑ አጠገብ ተቀምጠሽ መረጃ ሲያስገባ እዪ። ከዚያ ከመረጃ ቋት መረጃ የሚወጣበትን ኤስኪውኤል የተባለ ቋንቋ ጨምሪ። ፓይተኑ ያኔ ሥራ ያገኛል። ለምሳሌ ያው አንድ ሰው በአንዱ መዝገብ «ኃይሉ»፣ በሌላው «ሀይሉ»፣ በሦስተኛው «ሐይሉ» ተብሎ ተጽፎ ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል። ዕድሜው በግምት ነው የተጻፈው፤ ቀኑ አንዳንዴ በእኛ፣ አንዳንዴ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ያለፈውን ዓመት የስኳር ልኬት ከዛሬው ጋር ማገናኘት ያልቻለ መሣሪያ ምንም መከላከል አይችልም። ይህን ችግር የሚፈታ ትንሽ ፕሮግራም ብትጽፊ አሠሪ ፊት ከማንኛውም የምስክር ወረቀት በላይ ይናገርልሻል።

የታካሚዎችን መረጃ በግል ስልክሽ ወይም በፍላሽ ይዘሽ ወደ ቤት እንዳትሄጂ። ለልምምድ ብለሽም ቢሆን አታድርጊው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ከሌላው ይበልጥ ጥብቅ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መደብ ውስጥ አስገብቶታል። መጀመሪያ ከጤና ጣቢያው ኃላፊ የጽሑፍ ፈቃድ ያዥ፤ ውጤቱን እንደ ጥናት ማሳተም ካሰብሽ ደግሞ ሥራውን ሳትጀምሪ የሥነ ምግባር ፈቃድ ጠይቂ። የሙከራውን ሐሳብ ለጤና ጣቢያው የአፈጻጸም ክትትል ቡድን አቅርቢው፤ የጥራት ማሻሻያ ሥራ ሆኖ ከተመዘገበ ያንቺ የግል ጉጉት መሆኑ ይቀርና ሌሎችም ይረዱሻል።

ሁለተኛ ዲግሪ ካሰብሽ የጎንደር፣ የጅማና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች በጤና ኢንፎርማቲክስ (የጤና መረጃን በኮምፒውተር የመያዝና የመጠቀም ትምህርት) ያስተምራሉ። የመጪውን ዓመት የመግቢያ መስፈርት ከአሁኑ ከሬጅስትራራቸው ጠይቂ። የነርስነት ፈቃድሽን በጊዜው እያሳደስሽ ቆዪ፤ በዲጂታል ጤና ሥራ የሚቀጥሩ ድርጅቶች ክሊኒክ ውስጥ የሠራን ሰው ይፈልጋሉ፤ የፕሮጀክት ሥራ ውል ደግሞ ያልቃል። ስታመለክቺም የወሰድሻቸውን ኮርሶች ከመደርደርሽ በፊት የሦስት ወሩን ሙከራ በአንድ ገጽ ጽፈሽ አያይዢ፦ ስንት ሰው ተጠየቀ፣ ስንቱ ከፍተኛ ነጥብ አገኘ፣ ስንቱ የደም ስኳሩን ተለካ፣ ስንቱ ለቀጠሮው ተመለሰ። ያልተመለሱት ለምን እንደቀሩም ደውለሽ ጠይቂና መልሳቸውን እዚያው ገጽ ላይ ጻፊው።