ልጅ ሲወለድ ከሚስትህ አትራቅ

ልጄ፣ እንኳን ደስ አለህ። ይህን የምጽፈው የመጀመሪያ ልጁን ለታቀፈ ወይም ለመታቀፍ ቀን ለሚቆጥር ወጣት ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት ባልና ሚስት በማማከር ነው። ከሚመጡልኝ ጥንዶች ብዙዎቹን “ነገሩ መቼ ጀመረ?” ብዬ ስጠይቃቸው ትንሽ ያስቡና የመጀመሪያ ልጃቸው የተወለደበትን ጊዜ ይጠሩልኛል። ልጁን የሚወቅስ የለም፤ ሁለቱም ይሳሱለታል። እነሱ ግን ከዚያ ወዲህ ተራርቀዋል።

ይህ የእናንተ ቤት ብቻ ጉዳይ እንዳይመስልህ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 ለማስተርስ የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ አጥኚ 46 ጥንዶችን አነጋግሮ ነበር። 83 በመቶዎቹ የልጅ መምጣት ኑሯቸውን ክፉኛ እንዳናጋው ነገሩት። ከብዙ ዓመታት በኋላ ጆን ጎትማን የሚባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አዲስ ተጋቢዎችን ተከታተለ። እናት ከሆኑት ሚስቶች ከሦስቱ የሁለቱ ያህል በትዳራቸው የነበራቸው ደስታ ቀነሰ። እኔን ሁሌም የሚያስደንቀኝ ደስታቸው ያልቀነሰባቸው ሴቶች ነገር ነው። ባሎቻቸው ፍቅራቸውን የሚገልጹ፣ ሚስታቸው ምን እንደሚያስጨንቃት፣ ምን ላይ እንዳለች የሚያውቁ ሆነው ተገኙ። እኔም በሥራዬ ያየሁት ይህንኑ ነው። ትዳርን ከጭቅጭቅ ይልቅ የሚጎዳው የባል ቀስ በቀስ መራቅ ነው።

መራቁ እንዴት እንደሚጀምር ላሳይህ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ልጁ ያለቅሳል። አንተ ትነሳና ታቅፈዋለህ። እሷ ከአልጋው ላይ “አንገቱን ደግፈው… እንደሱ አይደለም… ስጠኝ በቃ” ትላለች። ትሰጣታለህ። በሁለተኛው ሌሊትም እንደዚያው። በሦስተኛው ብትነቃም አትነሳም፣ ምን ላደርግ ብለህ። ከወር በኋላ እሷ “አይነሳም እኮ!” ትላለች፤ አንተም “መቼ ታምነኛለች” ትላለህ። ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው። ግን በዚህ መሀል አንተ በገዛ ቤትህ እንግዳ ሆነሃል፣ እሷ ደግሞ ብቻዋን ቀርታለች።

መፍትሔው “ምን ላግዝሽ?” ማለት አይደለም። ያኔ ማሰቡ አሁንም የእሷ ነው። ከልጁ ሥራ አንዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያንተ አድርገው። ገላ ማጠቡን ከያዝክ ውኃውን ለብ የምታደርገው፣ በክንድህ ሙቀቱን የምትለካው፣ ፎጣውን የምታቀርበው፣ ሳሙናው ማለቁን ቀድመህ የምታየው አንተ ነህ። ወይም ከጠባ በኋላ አስገስቶ ማስተኛቱን ውሰድ። እጅህ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። እሷም እኮ ተምራው ነው፤ የቀደመችህ በጥቂት ቀን ነው። አንቺም ይህን የምታነቢ ልጄ፣ እንደ አንቺ ባያደርገውም ልጁ አደጋ ላይ እስካልሆነ ድረስ ተዪው፤ ይልመድበት።

ሰውነትህም እንደሚለወጥ እወቅ። በፊሊፒንስ ሴቡ 624 ወንዶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 ወጥቶ ነበር። አባት የሆኑት ሰዎች ቴስቶስቴሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ቀንሶ ተገኘ፤ ልጃቸውን በቀን ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚንከባከቡት ደግሞ ከማይንከባከቡት አባቶች ዝቅ ያለ ነበራቸው። ይህ ከወንድነት መጉደል አይደለም። ገላህ አባትነትን እየለመደ ነው።

ስለ አልጋም በግልጽ ልናገር። የወለደች ሴት ቁስሏ እስኪሽር ጊዜ ያስፈልጋታል፤ ስድስት ሳምንት የሚባለው መነሻ ነው እንጂ ቀጠሮ አይደለም። ስታጠባ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ ፍላጎቷ ሊቀዘቅዝ፣ የብልት ድርቀትም ሊያሳምማት ይችላል። ቀኑን ሙሉ ልጅ ደረቷ ላይ ውሎ ማታ ሌላ እጅ ሲነካት ልትሸሽ ትችላለች። ይህን “ጠላችኝ” ብለህ አትተርጉመው። ምንም ሳትጠብቅ እቀፋት። የተገፋህ ከመሰለህ፣ በልጁ እንኳ ከቀናህ፣ አትፈር፤ ብዙ አባቶች ይሰማቸዋል። አኩርፈህ ከምትከርም ግን ንገራት።

አሁን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነገር ላይ ደረስኩ። ድባቴ የእናቶች ብቻ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 የብዙ አገር ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና፣ ከአሥር አባቶች አንዱ ገደማ በእርግዝናው ወይም በመጀመሪያው ዓመት በድባቴ እንደሚያዝ አሳይቷል። የሚብሰው ልጁ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ሲሞላው፣ ጠያቂው ሁሉ ሲቀንስ ነው። እሷ ከተያዘች ያንተም የመያዝ ዕድል ይጨምራል። ወንድ ላይ ግን ብዙ ጊዜ በእንባ አይታይም። በትንሽ ትልቁ መቆጣት፣ ሥራ ቦታ ማምሸት፣ መጠጥ ማብዛት፣ ስልክ ላይ ተደፍቶ መዋል ይሆናል። “ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም” ተብለን አድገናል፤ እዚህ ላይ ግን ዝምታው ነው የሚጎዳህ። ሁለት ሳምንት ካለፈው ሐኪም ጋር ሂድ። ራስህን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብህ፣ ወይም እሷ እንዲህ ካለችህ፣ በዚያው ቀን ሂዱ።

የልጅ ለቅሶ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይብሳል፤ በሦስትና በአራት ወር ደግሞ እየቀነሰ ይመጣል። ንዴት ሲያፍንህ ልጁን በጀርባው አልጋው ላይ አስተኛውና ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ውጣ። በፍጹም እንዳትነቀንቀው፤ የሕፃን አንጎል በዚያ ይጎዳል፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ከሚስትህም ጋር በእንቅልፍ እጦት መሀል ትልቅ ጉዳይ አታንሱ። የዘመድ ነገር፣ የገንዘብ ነገር ይደር።

ዛሬ ማታ ልጁ ሲተኛ ስልክህን አስቀምጥና ስለ ራሷ ጠይቃት፤ ልጁ ስንት ጊዜ እንደጠባ አይደለም። መልሷን ሳታቋርጥ ስማ። ከዚያ ያንተንም ንገራት፣ ለማንም ያልተናገርከውን ፍርሃትህን ጭምር።