«ለመሆኑ ምን ፈልጋችሁ ነው?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ጣና ዳር እምቦጭ የምንነቅል 20 የሰፈር ልጆች ነን። ዘወትር ቅዳሜ በባዶ እግራችን ውኃ ውስጥ እንገባለን። ለአንድ መሥሪያ ቤት ድጋፍ መጠየቂያ ደብዳቤ ጽፌ አስገባን። ኃላፊው አንብበው ሲጨርሱ «ለመሆኑ ምን ፈልጋችሁ ነው?» አሉን። ከዚህ በላይ እንዴት ይጻፍ? የምንፈልገው እኮ 20 ጥንድ ቦቲ፣ 20 ጥንድ ጓንት፣ አረሙን ለሚጎትተው ጀልባ ደግሞ ለወር የሚሆን 40 ሊትር ቤንዚን ነው። ደብዳቤውን አያይዤዋለሁ። (ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)

መልስ፦ እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። በኃላፊው አትፍረጂ። እኔም የምትፈልጉትን ያወቅሁት ለእኔ ከጻፍሽው ማስታወሻ ነው። ቦቲው፣ ጓንቱ፣ ቤንዚኑ ደብዳቤው ውስጥ የሉም! እንዲህ ነው የሚለው፦

«ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ የሀገራችን ትልቁ ሐይቅ የሆነው ጣና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እምቦጭ በተባለ መጤ አረም መወረሩ የሚታወቅ ሲሆን፣ እኛም የአካባቢው ወጣቶች ይህንኑ በቁጭት በመመልከት ሐይቁን ከመታደግ አኳያ የበኩላችንን ድርሻ እየተወጣን የምንገኝ ስንሆን፣ ይሁን እንጂ ካለብን የግብዓት እጥረት አንጻር መሥሪያ ቤታችሁ አስፈላጊውን ትብብር ያደርግልን ዘንድ በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ርዕሱን ትተን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አማርኛችን ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ሲሆን»፣ «ስንሆን» እያልሽ በቀጠልሽ ቁጥር አንባቢው «እሺ፣ ከዚያስ?» እያለ ይጠብቃል። እንዲህ ጠብቆ ጠብቆ የሚያገኘው «አስፈላጊውን ትብብር» ነው። ምን ይስጥሽ?

ደግሞስ ጣና ትልቅ ሐይቅ መሆኑን ለማን ነው የምትነግሪው? ሰውየው መስኮታቸውን ሲከፍቱ የሚያዩት እሱን ነው። እምቦጩም ቢሆን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ስንጮህበት የኖርነው ነገር ነው። ባሕር ዳር ተቀምጦ እምቦጭን የማያውቅ ኃላፊ ካለ፣ እሱ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልገዋል።

እኔ ዓይኔ እስኪደክም ድረስ ፍርድ ቤት በር ላይ ራፖር ጸሐፊ ነበርኩ። ክፍያው በገጽ ነው። ባለጉዳይ አንድ ገጽ ብቻ ስሰጠው ቅር ይለዋል። «ይቺ ብቻ? አንጀት የሚበላ ነገር ጨምርበት እንጂ!» ይላል። የጎረቤቱ ጠባይ ይጨመራል፣ የተጣሉበት ሠርግ ይጨመራል፣ የሟች አያቱ ደግነት ይጨመራል። የወሰን ክሱ መጨረሻ ገጽ ላይ ብቅ ይላል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን አንቀጽ 80 ላይ ቁርጡን ተናግሯል፦ አቤቱታ ላይ የሚሰፍረው መሠረታዊው ፍሬ ነገር ብቻ ነው፣ ያውም ባጭሩ። ለኪሴ የማይመች ሕግ ነበር።

ወደ አንቺ ልመለስ። እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ፦

«ጉዳዩ፦ 20 ጥንድ ቦቲ፣ 20 ጥንድ ጓንትና 40 ሊትር ቤንዚን ስለመጠየቅ። በሽምብጥ በኩል ዘወትር ቅዳሜ እምቦጭ የምንነቅል 20 ወጣቶች ነን። ውኃው ውስጥ የምንገባው በባዶ እግራችን ስለሆነ ቢልሃርዚያ ያሰጋናል። ቤንዚኑ አረሙን ለሚጎትተው ጀልባ የአንድ ወር ፍጆታ ነው። ከዚህ ውስጥ የምትችሉትን እንድትሰጡን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ቁጭታችሁን አውጥቼ እግራችሁን አስገባሁ። ባዶ እግር ከነቢልሃርዚያው ካላሳዘናቸው «በቁጭት በመመልከት» አያሳዝናቸውም። «ጉዳዩ» የሚለውን መስመር ደግሞ አትናቂው። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ደብዳቤውን ለማን እንደምትመራው የምታውቀው ከዚያ ነው። «ትብብር» ካልሽማ ቢሮ ለቢሮ ሲዞር ይከርማል። ከታች ስምና ስልክ አይቅር።

ጥያቄ፦ አጎቴ ከዘጌ ቡና ይልኩልኛል። ባለፈው በቴሌግራም «ቡና አልቋል። ቅዳሜ በጀልባ ይላኩ» ብዬ ብጽፍላቸው ደውለው «እኔ ነጋዴህ ነኝ እንዴ?» አሉኝ። እሳቸው ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔ ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ አይደል? አጭር ነገር እንዴት ያስቆጣቸዋል? (ከበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ሙግትህ ደስ ይላል፤ ግን አጎትህ ልክ ናቸው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት መሆኑ እውነት ነው። ረዘም ያለው መወድስ የሚባለው ቅኔ ራሱ ከስምንት ቤት አያልፍም። ነገር ግን ተማሪው ለዚያች ሁለት ቤት ብሎ ቅኔ ቆጠራ ዱር ይገባል፣ ሰሙን ከወርቁ እስኪያስማማ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል። ያንተ መልእክት አጠረ እንጂ አልተደከመበትም።

ማሳጠር ለሚያነበው ሰው የማይረባውን መተው ነው። ለመሥሪያ ቤት ከሆነ ሰላምታውን ባጭሩ ቁረጠው፣ ማንም አይቀየምህም። ለአጎትህ ግን «ጉዳዩ» ሰላምታው ነው፤ ቡናው አባሪ ነው። እንዲህ በላቸው፦ «አጎቴ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎን ሻል አለዎት? እኛ ደህና ነን። ቡናው አልቆብናል፤ ከተመቸዎ ቅዳሜ ጀልባ ላይ ቢያስጭኑልን።» ጉልበት ይሁን ወገብ፣ የሚያማቸውን አንተ ታውቃለህ። ግን ከመጻፍህ በፊት ደውልና ይቅርታ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የዕድር ጸሐፊ ነኝ። ለአባላት በስልክ የጽሑፍ መልእክት በላክሁ ቁጥር የአንዱ ሂሳብ እጥፍ ድርብ ይሆንብኛል። ስብሰባው እሁድ ጥቅምት 15 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ መዋጮው 50 ብር። የምጀምረው «ውድና የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችን ባላችሁበት ይድረሳችሁ እያልን» ብዬ ነው። (ከግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ መልእክት 160 ሆሄ ይይዛል። በእኛ ፊደል ሲሆን ግን 70 ብቻ ነው። ካለፈ ይከፈልና እንደ ሁለት፣ እንደ ሦስት ይታሰባል። የአንተ ሰላምታ ብቻውን ከ70ው 61ዱን ይበላል፤ ስብሰባው ገና አልተጀመረም! ይህን ላክ፦

«ስብሰባ እሁድ ጥቅምት 15 ከጠዋቱ 3 ሰዓት። መዋጮ 50 ብር ይዛችሁ ኑ።»

ክፍት ቦታውንና ነጥቡን ጨምሬ ቆጠርኩት፤ 46 ነው። ስብሰባው የት እንደሆነ አልጻፍክልኝም፤ በቀረችው 24 እሱን አስገባበት።