«ስጸልይ ግድግዳ የማናግር ይመስለኛል»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። እናቴ ስትታመም ሐኪም ቤት አመላለስኳት፤ ሸንኮራ ዮሐንስ ወስጄም ጠበል አስጠመቅኳት። አልዳነችም። ካረፈች ስድስት ወር ሆናት። ከዚያ ወዲህ ስጸልይ ግድግዳ የማናግር ይመስለኛል። ቅዳሴ ላይ ቆሜም ልቤ ባዶ ነው። አንዲት ጎረቤቴ «ኃጢአትሽ ነው ከእግዚአብሔር ያራቀሽ» አለችኝ። እንዲህ ሆኜ ማስቀደሴ ማስመሰል አይሆንብኝም? ልተወው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእናትሽንም ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን።

አትተዪው። ማስመሰል ማለት የሌለሽን እንዳለሽ አድርጎ ለሰው ማሳየት ነው። አንቺ ባዶነትሽን ሳትደብቂ ነው የምትቆሚው። የደብረ ብርሃንን ውርጭ አውቀዋለሁ። ጎህ ሳይቀድ ነጠላሽን አጣፍተሽ በዚያ ብርድ ስትወጪ፣ ልብሽ ዝም ቢል እግርሽ እየጸለየ ነው። እግዚአብሔር ይህን አይንቅም።

የጎረቤትሽን ነገር በልብሽ አታሳድሪው። የኢዮብ ወዳጆችም ልክ እንዲህ ብለውት ነበር። ኢዮብ «ወደ ፊት ብሄድ የለም፣ ወደ ኋላም ብሄድ አላገኘውም» እያለ አጉረመረመ። በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በወዳጆቹ ነው፤ ስለ እኔ ቅን ነገር የተናገረው ባሪያዬ ኢዮብ ነው አለ። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ንስሐ የምትገቢበት ነገር ካለ ግቢ፤ ሁላችንም አለን። የእናትሽን ሞት ግን በራስሽ ላይ አትጫኚው።

ዳዊት ትደግሚያለሽ? በየዕለቱ ተከፍሎ ሲደገም ከ81 እስከ 110 ያለው የሐሙስ ነው። በዚያ ውስጥ መዝሙር 87 አለ። መዝሙረኛው ቀንና ሌሊት ይጮኻል፤ ፊትህን ለምን ትመልሳለህ ይላል፤ መልስ ሳያገኝም «ወዳጆቼን ከእኔ አራቅህ» ብሎ ያበቃል። ሌላው መዝሙር ብዙውን ጊዜ በምስጋና ይቋጫል። ይህ አይቋጭም። አባቶቻችን ግን አላወጡትም፤ ደስ ያለውም ያዘነውም ሐሙስ ሐሙስ ይደግመዋል። የሰኞውን 21ኛውንም ተመልከቺ። «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ?» የሚለውን ጌታችን በመስቀል ላይ ብሎታል። አንቺ አሁን ያለሽበት ቦታ እርሱ ያልረገጠው አይደለም።

ሌላም ልንገርሽ። ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ሕዝቡ ምን ብሎ ይመልሳል? «እግዚኦ ተሣሃለነ።» ማረን ነው የሚለው፤ ማረኝ አይልም። አንቺ አፍሽ ቢያዝ ከጎንሽ የቆሙት እማማ አንቺንም ጨምረው ብለዋል። እርሳቸውም የደከሙ ቀን አንቺ ትዪላቸዋለሽ። እምነት ብቻችንን የምንሸከመው ቢሆን ኖሮ ስንቶቻችን በቀረን!

ለጊዜው ረጅም ጸሎት ይቅርብሽ። ጠዋትና ማታ «አቡነ ዘበሰማያት» በዪ፤ ካልሆነልሽ ዝም ብለሽ ቁሚ። ለእኔ የጻፍሽውን ለንስሐ አባትሽ እንዳለ ንገሪያቸው፤ አታሳምሪው። ስለ ቅዱስ ቁርባንም እርሳቸውን ሳታማክሪ በራስሽ አትወስኚ።

ደግሞ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ብሎሽ ከሆነ፣ ሕይወትሽንም እስከ መጥላት ከደረስሽ፣ ዛሬ ነገ ሳትዪ ሐኪም ጋር ሂጂ። ለቅርብ ሰውም ተናገሪ። ይህ የእምነት ጉድለት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል ይላል።

ጣዕሙ መቼ እንደሚመለስልሽ ቀን ልቆርጥልሽ አልችልም። አብሬሽ ግን እለምናለሁ። ያንቺንና የእናትሽን የክርስትና ስም ላኪልኝ፤ እሑድ በቅዳሴ አስባችኋለሁ።