ለሒሳብ መምህርነት የኮምፒውተር ሰርተፍኬት ልጨምር ወይ?

በሒሳብ ተመርቀው አሁን ደሴ ላይ የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ በመከታተል ላይ እንደሚገኙ፣ የወሰዱት የኮምፒውተር ኮርስ ግን ከወርድና ከፓወርፖይንት ያላለፈ መሆኑን ገልጸው፣ ለማስተማር ልምምድ ከመውጣትዎ በፊት ከግል ማሠልጠኛ የሦስት ወር ሰርተፍኬት ቢጨምሩ ይጠቅምዎት እንደሆነ ጠይቀውናል።

በእኔ አስተያየት ገንዘብዎን ባያወጡ ይሻላል። እንዲህ ያሉ ሥልጠናዎች አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ የሚያውቁትን ይደግሙልዎታል፤ የሚያስፈልግዎት በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ሲሰጥ ተማሪውን የሚያደናግረው ርዕስ የትኛው እንደሆነና ኮምፒውተሩ እዚያ ላይ ምን እንደሚያቃልል መለየት ነው። የኳድራቲክ ፈንክሽን ግራፍ፣ ማለትም ኤክስ ስኩዌር ያለበት ቀመር ሲሣል የሚሰጠው ኩርባ፣ አንዱ ነው። ጂኦጀብራ የተባለው ግራፍ የሚሥል ነፃ ፕሮግራም አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በኤክስ ስኩዌር ፊት ያለውን ቁጥር ከ3 ወደ 1፣ ከዚያም ወደ ግማሽ ዝቅ ሲያደርጉት ኩርባው እየተለጠጠ ይሄድና ዜሮ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። እዚህ ላይ ይቁሙ፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ሲወርድ ምን እንደሚከተል እያንዳንዱ ተማሪ ግምቱን በደብተሩ እንዲያሰፍር ካደረጉ በኋላ ብቻ ኩርባው አፉን ወደ ታች ሲደፋ ያሳዩአቸው። ይህ ጥያቄ ከሌለ ኮምፒውተሩ ሲኒማ ነው፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው፣ በቴሌቪዥን ይተላለፍ የነበረው የፕላዝማ ትምህርትም ምስሉ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ተማሪው ለማሰብ ፋታ ሳያገኝ፣ መምህሩም ዳር ቆሞ ያልፍ እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በሰሜንና በደቡብ ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ንብረታቸው ስለተዘረፈና ስለወደመ፣ ለተማሪ ሁሉ የሚዳረስ ኮምፒውተር አገኛለሁ ብለው አያቅዱ። ዕቅድዎን በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ፕሮጀክተር፣ እነሱም ከተገኙ፣ ይመሥርቱ፤ መብራት ቢሄድ ትምህርቱ እንዳይቋረጥ ሦስቱን ኩርባዎች በትልቅ ወረቀት ላይ አስቀድመው ሥለው ይያዙ።

የልምምድ ትምህርት ቤትዎ እንደታወቀ ግን ሥራ ከመጀመርዎ አንድ ሳምንት ቀድመው ይሂዱና የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ ማን ዘንድ እንደሚገኝ፣ የትኛው ሶኬት እንደሚሠራና ካሉት ኮምፒውተሮች ስንቱ በእርግጥ እንደሚበራ ራስዎ አብርተው ይዩ።