የተዘለለችውን መስመር ፈልጉ፦ ለሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎች

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ይህን የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ጠዋት ነው፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። ፀጉሬ የሸበተው ፊዚክስ ሳስተምር ነው። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት እስከ ሁለተኛ ዓመት ደህና መጥተው ሦስተኛ ዓመት ላይ ድንገት ስለሚንሸራተቱ ልጆች ነው።

በየዓመቱ አያቸዋለሁ። ክላሲካል ሜካኒክስ፣ ኤሌክትሮዳይናሚክስ፣ ኳንተም ሜካኒክስ፣ ስታቲስቲካል ፊዚክስ ተከታትለው ይመጣሉ። ሃንድአውቱ ይወፍራል። የሚድ ውጤት ይለጠፋል። ያ ክፍል ውስጥ እጁን የሚያወጣው ልጅ ዝም ይላል። «እኔ ለፊዚክስ አልተፈጠርኩም» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ «ድሮም ምደባ ነው እዚህ የጣለኝ» ይላል።

አብሽሩ። ጭንቅላታችሁ አልቀነሰም። የተለወጠው መጽሐፉ ነው። አንደኛ ዓመት ላይ መጽሐፉ እጃችሁን ይዞ ደረጃ በደረጃ ይወስዳችኋል። ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ እኩልታ ይጽፋል፣ ከሥሩ ሌላ እኩልታ ይጽፋል፣ በመሀል «በቀላሉ ማሳየት ይቻላል» ብሎ ያልፋል። ያቺ «በቀላሉ» አንዳንዴ ሁለት ገጽ ሙሉ ሂሳብ ናት። ትምህርቱ ያለው እሷው ውስጥ ነው። ብዙዎቻችሁ ግን ከላይ ያለውንና ከታች ያለውን ሸምድዳችሁ መሀሉን ትዘሉታላችሁ። የምትወድቁት እዚያ ነው።

እኔም ይህን ያወቅሁት ወድቄ ነው። የመጀመሪያው የኳንተም ፈተናችን ላይ «ሳጥን ውስጥ ያለ ቅንጣት» መጣ። ሌሊቱን ሙሉ የሸመደድኩት ጥያቄ ስለነበር ደስ አለኝ። እኔ የማውቀው ሳጥን አንዱ ግድግዳ ዜሮ ላይ፣ ሌላው ኤል ላይ ነው። መልሱ የሳይን ሞገድ ነው። መምህራችን ግን ዜሮዋን የሳጥኑ መሀል ላይ አድርገዋት ነበር። ግድግዳዎቹ በግራና በቀኝ፣ ከመሀሉ በእኩል ርቀት ቆመዋል። ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። እኔ የሸመደድኩትን ሳይን ገልብጬ ወጣሁ።

ወረቀቱ ሲመለስ ቀይ ነበር። ሞገዱ ግድግዳው ላይ ሲደርስ ዜሮ መሆን አለበት። የኔ የመጀመሪያው ሞገድ ግን ግድግዳው ላይ ጭራሽ ከፍተኛው ጫፍ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። እዚያ ቦታ የሚያስፈልገው ኮሳይን ነበር። በዚያ ምሽት ዶርም ገብቼ ሽሮዲንገር በ1926 እ.ኤ.አ. ካወጣው እኩልታ ጀመርኩ። የድንበር ሁኔታዎቹን አንድ በአንድ አስገባሁ። ሲነጋጋ የኢነርጂው መልስ ከድሮው ጋር አንድ ሆኖ ወጣ። ለካ ሳጥኑን ወደ ጎን ብትገፉት ኢነርጂው አይለወጥም። ይህንን ማንም አልነገረኝም ነበር። በእጄ ስሠራው ራሱ ነገረኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ስለዚህ አንድ ደብተር ለብቻው ያዙ። ክፍል ውስጥ የምትጽፉበት አይሁን። መምህሩ ወይም መጽሐፉ የዘለላትን መስመር ሁሉ እዚያ ላይ ሙሏት። አንዳንዷ አሥር ደቂቃ ትፈጃለች፣ አንዳንዷ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ትወስዳለች። ይውሰድ። ከሴኒየር የተቀበላችሁትን የዎርክሺት መልስ ቀድማችሁ አትክፈቱ። ሞክራችሁ፣ ተጣብቃችሁ፣ የት ላይ እንደተጣበቃችሁ በቃል መናገር ስትችሉ ያኔ ክፈቱት።

መስመሯ አልሞላ ካለቻችሁ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የፊዚክሱ አይደለም፤ የሂሳብ ነው። ፓርሻል ዴሪቬቲቭ፣ ዲፈረንሺያል እኩልታ፣ የቬክተር ካልኩለስ፣ ማትሪክስና አይገንቫልዩ፣ የቴይለር ዝርዝር። እነዚህን በእረፍት ወቅት ቤተሰብ ጋ ሆናችሁ ከልሷቸው። ከማክስዌል እኩልታዎች ጋር የሚታገል ተማሪ ሳገኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ዳይቨርጀንስ ማለት ምንድን ነው?» ብዬ ነው። ቀመሩን ወዲያው ይጽፍልኛል። «ምን ማለት ነው?» ስለው ይቆማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የተማራችሁትን በአማርኛ አስረዱ። ቡና ተፈልቶ አቦሉ እስኪቀዳ፣ ሌላ ዲፓርትመንት ለሚማር ጓደኛችሁ ንገሩት። በዕለት ንግግራችን «ኃይል» ስንል ፎርስም ፓወርም ኢነርጂም ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛውን ስትደግሙ ማምለጥ ትችላላችሁ። በአማርኛ ስትናገሩ ግን የትኛውን ማለታችሁ እንደሆነ ራሳችሁን መጠየቃችሁ አይቀርም።

«ላብራቶሪ የለም፣ ዕቃ የለም» የምትሉኝ እውነታችሁን ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ንብረት አጥቷል። ያ ሐዘን ዛሬም አለብኝ። ግን ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለን አስቡ። በደርግ ዘመን ታስረው፣ እስር ቤት ውስጥ ለእስረኞች ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር የአንድሬ ሳካሮቭን ሽልማት ሰጥቷቸዋል። የምርምር መስካቸውም ያው እናንተ የምትፈሩት ስታቲስቲካል ፊዚክስ ነው።

ያንን ኮርስ እኔ የምጀምረው በሀረጎ ቁልቁለት ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስትወርዱ ባዶ ሃይላንድ ያዙ። ደሴ መናኸሪያ ላይ ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉ። ጠመዝማዛውን ጨርሳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ጨምደድ ብሎ ታገኙታላችሁ። ማንም አልጨመቀውም። ውስጡ ያለው የደሴ አየር ነው፣ ውጭ ያለው የኮምቦልቻ።

አሁን ወረቀት አውጡ። ቦልትዝማን የሚላችሁ ይህ ነው፦ ከፍ ስትሉ የአየሩ ግፊት በኤክስፖኔንሻል ይቀንሳል፤ ልኩን የሚወስነው ኤምጂኤች (መጠነ ቁስ በስበት ፍጥንጥነት በከፍታ) ለኬቲ (የቦልትዝማን ቋሚ በኬልቪን ሙቀት) ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። የአንድ የአየር ሞለኪውል መጠነ ቁስ 4.8 × 10⁻²⁶ ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 600 ሜትር ነው። ከስበት ፍጥንጥነቱ ጋር አባዙት፣ ወደ 2.8 × 10⁻²² ጁል ይመጣል። ኬቲ ደግሞ በ20 ዲግሪ ሴልሲየስ ወደ 4.0 × 10⁻²¹ ጁል ነው። ሲካፈል 0.07። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ኤክስፖኔንሻሉን በቴይለር ዘርዝራችሁ ከ1 ቀጥላ የምትመጣዋን ብቻ ብትወስዱ ይበቃል። የደሴ አየር ግፊት ከኮምቦልቻው በ7 በመቶ ገደማ ያንሳል ማለት ነው። ከአንዲት የማትታይ ሞለኪውል ተነስታችሁ እጃችሁ ላይ የተጨመደደው ፕላስቲክ ጋ ደረሳችሁ። ስልካችሁ ባሮሜትር ካለው ደግሞ መንገድ ላይ እየለካችሁ ማመሳከር ትችላላችሁ።

ባለፈው አንዲት ተማሪ ይህን ሠርታ ስታበቃ እጇን አወጣች። ቀለሜዋ የምትባለው አይደለችም፣ ሚድ ላይ ከታች ከነበሩት አንዷ ናት። «ጋሼ፣ ኮምቦልቻ እኮ ይሞቃል። ሙቀቱ ሃይላንዱ ውስጥ ያለውን አየር መልሶ አያሰፋውም?» አለችኝ። እኔ ጠይቄያት አላውቅም፣ ሃንድአውቱ ላይም የለም። «ሥሪውና አምጪው» አልኳት።

በማግሥቱ አንድ ገጽ ይዛ መጣች። 7 በመቶውን ሙሉ በሙሉ ለማካካስ በሁለቱ ከተሞች መሀል የ20 ዲግሪ ልዩነት ያስፈልጋል። ያን ያህል ስለማይራራቁ ሃይላንዱ መጨማደዱ አይቀርም። ገጹን ከላይ እስከ ታች አየሁት፣ ሁሉም መስመር አለ። ልመልስላት ስል «እርጥበቱስ ጋሼ?» አለችኝ። እሱን አሁን አብረን እየሠራነው ነው።