ሁለተኛ ራውተር ከተጨመረ በኋላ ለምን ዋይፋይ ይንቀራፈፋል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ነው የምንኖረው። ለጓሮ ክፍሎቹ ሁለተኛ ራውተር ከገዛን ወዲህ ሳሎን ውስጥ እንኳ ኢንተርኔቱ ተንቀራፏል፤ አንዳንዴም ስልኩ ተገናኝቷል እያለ ምንም አይከፍትም። ችግሩ ከመስመሩ ነው ወይስ ከራውተሩ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። መስመሩን ከመጠርጠርዎ በፊት ሁለተኛውን ራውተር ይንቀሉና ላፕቶፕ በኬብል ከዋናው ራውተር ጋር አገናኝተው ፍጥነቱን ይለኩ፤ የከፈሉበትን ያህል ካገኙ ችግሩ ያለው ከቤትዎ ውስጥ ነው። ውጤቱ የሚነገረው በሜጋቢት ስለሆነና 8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ስለሚሆን፣ የ10 ሜጋቢት መስመር ፋይል ሲያወርድ በሰከንድ ከ1.25 ሜጋባይት ባይበልጥ ጉድለት አይደለም።

ስልኩ ተገናኝቷል እያለ አለመክፈቱ ግን ሁለቱም ራውተሮች ለስልኮች አድራሻ (በኔትወርኩ ውስጥ የሚለዩበትን ቁጥር) እያደሉ መሆናቸውን እንድጠረጥር ያደርገኛል። ብዙ ራውተሮች ከፋብሪካ የሚወጡት ዲኤችሲፒ የተባለው አድራሻ አዳይ አገልግሎታቸው በርቶ ሲሆን፣ የሁለቱም የራሳቸው አድራሻ 192.168.1.1 ሆኖ ሊገጥም ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛውን ከዋናው ጋር ሳያገናኙ አድራሻውን ዋናው ለስልኮች ከሚያድለው ክልል ውጭ ወዳለ ቁጥር ይለውጡ፣ ዲኤችሲፒውን ያጥፉ፣ ከዚያም ከዋናው የሚመጣውን ኬብል በዋን (WAN፣ የውጭው መስመር በሚገባበት) ቀዳዳ ሳይሆን ከላን (LAN፣ ለቤት ውስጥ መሣሪያዎች ከተዘጋጁት) ቀዳዳዎቹ በአንዱ ይሰኩ። በአንድ ቤት ውስጥ አድራሻ የሚያድል አንድ ብቻ መሆን አለበት፤ ከሁሉ በፊት እንዲታረም አጥብቄ የምመክረው ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ኬብል ሳንዘረጋ ሁለተኛው በዋይፋይ እየተቀበለ እንዲያስተላልፍ አድርገነዋል። ፍጥነቱ ግማሽ ሆነብን።

መልስ፦ የሚጠበቅ ነው። በአንድ ቻናል (ዋይፋይ በሚተላለፍበት የሞገድ ክፍል) የሚቀበልና የሚያስተላልፍ መሣሪያ እያንዳንዱን መረጃ ሁለት ጊዜ በአየር ስለሚያሳልፈው ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ራውተሮቹ ከተለመደው የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ሌላ የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድም ካላቸው እርስ በርስ በ5፣ ከስልኮች ጋር ደግሞ በ2.4 እንዲገናኙ ያድርጉ። ሁለተኛው የሚቀመጠውም ዋይፋይ በማይደርስበት ክፍል ሳይሆን ከዋናው ደህና ሲግናል በሚያገኝበት መካከለኛ ቦታ ነው፤ በመካከላቸው የቆርቆሮ ግድግዳ ካለ ግን ብረቱ ሲግናሉን ስለሚመልሰው ብዙ አይጠብቁ።

ከተቻለ ኬብል ይዘርጉ፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል። ጫፉን ሲያስገጥሙ ስምንቱም ክሮች መግባታቸውን ይመልከቱ፤ አራት ብቻ ከገቡ ከ100 ሜጋቢት በላይ አያሳልፍም። በግቢው ውስጥ ሲያልፍ በፕላስቲክ ቱቦ ይሁን፤ የባሕር ዳር ክረምት ነጎድጓድ ስለሚበዛበትም መብረቁ ሳይቃረብ ከሁለቱም ጫፍ ይንቀሉት።

ጥያቄ፦ ጣና ዳር ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለን። ሁለቱም ራውተሮች በኬብል የተገናኙ ናቸው፤ ሆኖም ማታ ማታ እንግዶች ሲበዙ ይዳከማል።

መልስ፦ በ2.4 ጊጋኸርዝ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። አንዱን በ1፣ ሌላውን በ6 ወይም በ11 ያድርጉ፤ የቻናሉ ስፋትም 20 ሜጋኸርዝ ይሁን። 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ለማለፍ ቢደክምም ፈጣን ስለሆነ፣ ራውተሩ ባለበት ክፍል ያሉት እንግዶች እሱን ቢጠቀሙ ለሌሎቹ ይቀላል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ማታ ካልተሻሻለ ግን የመስመሩ መጠን ለእንግዶቹ ብዛት አንሶ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የሁለቱ ዋይፋይ ስም አንድ ይሁን?

መልስ፦ ስሙም የይለፍ ቃሉም አንድ ይሁን። ስልኩ የራቀውን ይዞ አልለቅም ካለ የሁለቱንም የማስተላለፊያ ኃይል በጥቂቱ ይቀንሱ።

ጥያቄ፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ስልኮቹ በሁለተኛው ራውተር በኩል አይሠሩም። ለምን?

መልስ፦ ሁለተኛው ቀድሞ ተነሥቶ ስልኮቹን ሲቀበል አድራሻ የሚሰጣቸው ዋናው ገና አልተነሣም ይሆናል። ዋናው እስኪነሣ ጠብቀው የስልኩን ዋይፋይ አጥፍተው ያብሩት።