ከፌሪው በፊት የት እንደር? ካራቫን ጎትተው ዶቨርና ካሌን ለሚሻገሩ ጥያቄና መልስ

የትምህርት ቤት እረፍት እየቀረበ ነው። ካራቫን፣ ማለትም በመኪና የሚጎተተውን ማደሪያ ቤት፣ ጎትታችሁ ከእንግሊዙ ዶቨር ወደ ፈረንሳዩ ካሌ በፌሪ ለመሻገር ያሰባችሁ ብዙ ናችሁ። ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ጎርፎ መጣ። አብዛኛው የሚያጠነጥነው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ወደቡ አጠገብ የት እንደር? ሰዓቱንም ዓመቱንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ቲኬታችሁ ላይ ያለው እሱ ነውና።

ጥያቄ፦ የምንነሣው ከሊድስ ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴና ሦስት ልጆች። ለዶቨር ወደብ በጣም የሚቀርበውን ካምፒንግ ጠቁመን።

ወንድሜ፣ እጠቁምሃለሁ። ግን ካምፒንግ፣ ካራቫን አቁመህ የምታድርበት ግቢ፣ በኪሎ ሜትር አይመረጥም፤ የሚመረጠው በበሩ ሰዓት ነው። ወደቡ አፍንጫ ሥር ሆኖ ማታ 20:00 ላይ ሪሴፕሽኑ ከተዘጋ፣ ጠዋትም በሩ ከ7:00 በፊት ካልተከፈተ ቅርበቱ ምን ይረባል? አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ ማታ የሚቀበልህ፣ ንጋት ላይ የሚያስወጣህ ይሻላል። ስለዚህ ስትደውል ዋጋውን ከመጠየቅህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅ። ማታ እስከ ስንት ሰዓት ታስገባላችሁ? ጠዋትስ ከስንት ሰዓት ጀምሮ መውጣት ይቻላል?

ወደ ቦታው ስንመጣ፣ ማርቲን ሚል በምትባል መንደር ሃውቶርን ፋርም አለ። እኔ የምወደው በመንገዱ ነው። ከዚያ ወጥተህ ኤ258 የሚባለውን መንገድ ይዘህ ወደ ዶቨር ትመጣለህ። ኮረብታው ላይ ካለው አደባባይ ኤ2ን ትይዛለህ፤ ጁብሊ ዌይ የሚባለው ቁልቁለት ቀጥ አድርጎ የፌሪው ወደብ በር ላይ ያወርድሃል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የጭነት መኪና ሲበዛ ወደ ወደቡ የሚሄዱትን ከባድ መኪኖች ኤ20 ላይ ነው የሚያሰልፏቸው፤ አንተ በሌላ በኩል መጣህ ማለት ነው። ነፋስ ባለበት ቀን ግን ጁብሊ ዌይ ገላጣ ስለሆነ ካራቫኑን ይገፋል፤ ቀስ ብለህ ውረድ።

ሌላው ዴንሶል ውስጥ፣ ከፎክስተን በስተ ሰሜን ኤ260 ላይ ያለው ብላክ ሆርስ ፋርም ነው። የካራቫን ኤንድ ሞተርሆም ክለብ የሚባለው ማኅበር ካምፒንግ ነው፤ አባል ያልሆነ ሰውም ትንሽ ጨምሮ ከፍሎ ያድራል።

ከሊድስ ሌሊት ተነሥተህ በዚያው ቀን ለመሻገር አታስብ። ካራቫን የሚጎትት መኪና እንግሊዝ ውስጥ በሞተርዌይ ላይ የሚፈቀድለት በሰዓት 60 ማይል ነው። ባለ ሦስት መሥመር መንገድ ላይ ደግሞ የቀኙን ጥግ መሥመር መያዝ ክልክል ነው። ከልጆች ጋር፣ ሽንት ቤቱም ምሳውም ተጨምሮበት፣ ቀኑ መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው። ማርቲን ሚል እደር፤ ጠዋት ተሻገር።

ጥያቄ፦ እኛ የምንኖረው ለንደን ነው። ከሥራ መልስ የማታውን ፌሪ ይዘን ፈረንሳይ ብናድርስ?

ይቻላል፤ ግን ሰዓቱን አስሉት። ፈረንሳይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። 17:00 ላይ ከዶቨር ተነሣችሁ እንበል። ባሕሩ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ካሌ ስትደርሱ የእናንተ ሰዓት 18:30 ቢልም የካምፒንጉ ሰዓት 19:30 ነው። ከመርከቡ እስክትወርዱ፣ ከወደቡ እስክትወጡ፣ በቀኝ መንዳቱን እስክትለምዱ 20:15 ሆነ። ብዙ የፈረንሳይ ካምፒንጎች ሪሴፕሽናቸውን የሚዘጉት 19:00 ወይም 20:00 ላይ ነው። የመኪና መግቢያው ዘንግ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ22:00 እስከ 7:00 አይነሣም።

መፍትሔው ቀላል ነው። አስቀድማችሁ ደውሉና ዘግይተው ለሚመጡ የተለየ ማደሪያ እንዳላቸው ጠይቁ። አንዳንዶቹ ከዘንጉ ውጭ ቦታ አላቸው፤ ሌሎቹ የበሩን ኮድ በስልክ ይልካሉ። ሁለቱም ከሌለ በማግስቱ ተሻገሩ። ከ20:00 በኋላ የሚያስገባ አገኛለሁ ብሎ ካራቫን እየጎተቱ በማያውቁት አገር በጨለማ መዞርን ለማንም አልመክርም።

ጥያቄ፦ የአውራ ጎዳና ማረፊያዎቹ ነፃ ናቸው። ለአንድ ሌሊት ካምፒንግ መክፈል ምን ያደርጋል?

ካሌ አካባቢ ኤ16 እና ኤ26 ላይ ባሉት ማረፊያዎች አትደሩ። ሰው ተኝቶ እያለ ካራቫንና ሞተርሆም (ሳይጎተት ራሱ የሚነዳው ማደሪያ መኪና) የተዘረፈባቸው ቦታዎች ናቸው። ለቡናና ለሽንት ቤት ቁሙ፤ ያኔም መኪናው ውስጥ አንድ ሰው ይቅር።

ሌላም አለ። ፈረንሳይ ውስጥ የሞተርሆም ማደሪያ በየከተማው ሞልቷል፤ ካሌም የባሕር ዳርቻው ጋ አለ። ስልካችሁ ላይ በርካሽ ዋጋ ሲመጣ ያጓጓል። ግን ለሞተርሆም ብቻ የተባለው ቦታ ካራቫን አያስገባም። ከማስያዛችሁ በፊት ካራቫን የሚል ቃል መኖሩን ፈልጉ።

ጥያቄ፦ በፈረንሳይ በኩልስ የት ይሻላል? ስም ጥቀስልን።

ሦስት ቦታ እነግራችኋለሁ። ለየት ያለ ፍላጎት ላለው ሁሉ ይበቃሉ።

ለመመለሻ ካሌ ከተማ ውስጥ ያለው ግራን ግራቭሎ ጥሩ ነው። ከባሕር ዳርቻው አጠገብ ነው፤ ከተማውም በእግር ይደረሳል። መርከቦቹ በወደቡ አፍ ሲገቡና ሲወጡ ከቅርብ ታያላችሁ፤ ልጆች ይወዱታል። ጠዋት ወደቡ ቅርብ ስለሆነ የመጨረሻዋን ሌሊት እዚያ ማደር ልብ ያሳርፋል።

ለመሄጃ ግን እኔ ጊንን እመርጣለሁ። ከካሌ በስተ ደቡብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ላ ቢያን አሲዝ የሚባለው ካምፒንግ ያለው እዚያ ነው። ሰፊ ነው፤ ዛፍ አለው፤ ዋና ገንዳና ምግብ ቤትም አለው። ካራቫን የሚጎትት እንግሊዝ ሁሉ የሚያውቀው ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ስለዚህ በሐምሌና ነሐሴ ሳያስይዙ መሄድ አይሆንም። አካባቢውም ታሪክ አለው። የእንግሊዙ ሄንሪ 8ኛና የፈረንሳዩ ፍራንሷ 1ኛ በ1520 በወርቅ ጨርቅ ባጌጡ ድንኳኖች የተገናኙት በጊንና በአርድር መካከል ባለው ሜዳ ላይ ነው። በ1785 ደግሞ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባሕር ለመጀመሪያ ጊዜ በባሉን የተሻገሩት ብላንሻርና ጄፍሪስ ያረፉት እዚያው ጊን ጫካ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ጨምራችሁ ብትቆዩ አይቆጫችሁም።

ቲኬታችሁ ወደ ደንከርክ ከሆነ ነገሩ ይለያል። የደንከርክ ፌሪ የሚያርፈው ከተማው ውስጥ አይደለም፤ በስተ ምዕራብ ርቆ ሉን ፕላዥ ነው። ደንከርክ ከተማ ካምፒንግ ይዛችሁ ወደ ኋላ ከምትመለሱ ግራቭሊን ጋ ፈልጉ። ፕቲ ፎር ፊሊፕ በሚባለው ሰፈር ሌ ዱን የሚባል ካምፒንግ አለ። ግራቭሊን ራሷ በውሃ ቦይ የተከበበች የምሽግ ከተማ ናት።

አንድ ማሳሰቢያ ለሁሉም፦ ብዙ የሰሜን ፈረንሳይ ካምፒንጎች በጥቅምት ዘግተው ሚያዝያ አካባቢ ነው የሚከፍቱት። ለገና የምትሄዱ ካላችሁ ክፍት መሆኑን በስልክ አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ስናስይዝ ሌላ ምን እንጠይቅ? የእኛ ካራቫን ባለ አራት ጎማ ነው።

ደግ ጠየቅሽ፣ እህቴ። እንደ እናንተው ባለ አራት ጎማ፣ ማለትም ባለ ሁለት አክሰል፣ ካራቫንን የማያስገቡ የማዘጋጃ ቤት ካምፒንጎች ፈረንሳይ ውስጥ አሉ። ስለዚህ ገና ስትደውዪ ተናገሪ። ደርሰሽ በር ላይ እንዳይመልሱሽ።

ከዚያ ደግሞ ካራቫኑን ከመኪናው ሳንፈታ የምናድርበት ረጅም ቦታ ስጡን በዪ። ለአንድ ሌሊት መፍታትና መልሶ መግጠም ድካም ነው፤ ንጋት ላይ ደግሞ ጎረቤት ይቀሰቅሳል።

ጥያቄ፦ ምጣዴን ይዤ ብሄድ የካምፒንጉ መብራት ይችለዋል?

አይችለውም፣ እናቴ። ብዙ የፈረንሳይ ካምፒንጎች የሚሰጡት 6 አምፒር ነው፤ ሻል ያለው 10 አምፒር። 6 አምፒር ማለት 1,380 ዋት ነው። የቤታችን ትልቁ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይጎትታል። ገና ስትሰኪው መብራቱ ይጠፋል። የውሃ ማፍያውም ብዙ ጊዜ ከ2,000 ዋት በላይ ነው፤ አነስተኛ ግዙ። እንጀራውን ቤት ጋግራችሁ፣ በደንብ ቀዝቅዞ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይሂድ። ወጡን በጋዝ አሙቁት።

ስለ ጋዝ ካነሣን አይቀር፣ የእንግሊዙ ካሎር ሲሊንደር ፈረንሳይ ውስጥ አይቀየርም። ካምፒንግ ጋዝ የሚባለው ሰማያዊው በሁለቱም አገር አለ። መርከቡ ላይ ስትወጡ ጋዙ ከሲሊንደሩ ይዘጋ፤ ፍሪጁም በጋዝ እንዳይሠራ።

ጥያቄ፦ ቡና በከሰል ማፍላትስ?

ብዙ ካምፒንጎች በተለይ በበጋ ድርቅ ከሰል ይከለክላሉ፤ ሪሴፕሽኑን ጠይቁ። ቢፈቀድ እንኳ ውጭ፣ ሜዳ ላይ ብቻ። ዝናብ መጣ ተብሎ የከሰል ምድጃ ካራቫን ውስጥ ወይም ከጎኑ በሚዘረጋው ድንኳን ውስጥ እንዳይገባ። ፍሙ የጠፋ ሲመስልም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም፤ የተኛ ቤተሰብ ይገድላል። ለጀበናው የጋዙ ምድጃ ይበቃል፤ እሱንም መስኮት ከፍታችሁ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ የሌለው ካራቫን ከቤት ባይወጣ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ዶሮ ወጥ ሠርተን ብንሻገርስ?

ከእንግሊዝ ወደ አውሮፓ ኅብረት ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ክልክል ነው። ዶሮውም፣ ንጥር ቅቤውም፣ አይቡም አይገባም። ሽሮ፣ በርበሬና እንጀራ ይሂድ። ዶሮውንና ቅቤውን ከፈረንሳይ ሱፐርማርኬት ግዙ፤ ቅቤውን በቅመም እዚያው አንጥሩት። ስትመለሱ ግን የተረፈውን ቅቤ እዚያው ጨርሱት፤ ከ2025 ሚያዝያ ጀምሮ እንግሊዝም ከኅብረቱ የሚመጣ የወተት ውጤት አታስገባም።

ጥያቄ፦ ስንመለስ ካሌ ላይ ሰው ካራቫን ውስጥ ተደብቆ ሊገኝ ይችላል ሲሉ ሰማን። እውነት ነው?

እውነት ነው። ይሄ ጥያቄ ለኛ ከሌላው ሰው ይከብዳል፤ ወደ እንግሊዝ ለመሻገር በካሌ መንገድ ዳር ከቆሙት ስደተኛ ልጆች መካከል አማርኛና ትግርኛ የሚናገሩ አሉ። በ2016 በፈረሰው ትልቁ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ የእኛው ሰዎች ከእንጨትና ከሸራ የሠሩት የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነበር። ውሃ ለጠየቀ ውሃ፣ ለተራበ ዳቦ መስጠት ማንንም አያሳፍርም። ካራቫኑን ግን ፈትሹ።

በእንግሊዝ ሕግ መኪናው ውስጥ ተደብቆ ለተገኘ ለእያንዳንዱ ሰው ቅጣቱ እስከ 10,000 ፓውንድ ይደርሳል፤ ከ2023 የካቲት ጀምሮ። የጭነት መኪና ብቻ አይደለም፤ ካራቫንና ሞተርሆምም ይመለከታል። እኔን የበለጠ የሚያስጨንቀኝ ግን የተደበቀው ሰው ነው። ከፊት ያለው የጋዝ ሣጥን፣ አልጋ ሥር ያለው ሣጥን፣ ወይም የብስክሌት መሸፈኛው ውስጥ ገብቶ መጓዝ ሕይወት ያስከፍላል። ስለዚህ ከካምፒንጉ ስትወጡ ሁሉንም ክፈቱ፣ እዩ፣ ቆልፉ። ወደቡ በር ላይ ከመድረሳችሁ በፊት አትቁሙ፤ ከቆማችሁ እንደገና ፈትሹ። የመጨረሻዋን ሌሊት በር ባለው ካምፒንግ ማደር የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የእንግሊዝ የመኖሪያ ፈቃድ ነው ያለኝ። ልጆቼ እንግሊዞች ናቸው።

ለልጆቹ ቪዛ አያስፈልግም፤ ለአንተ የሸንገን ቪዛ ያስፈልግሃል። የፈረንሳይ ፖሊስ ፓስፖርት የሚያየው ካሌ ሳይሆን እዚያው ዶቨር ነው። ቪዛ ከሌለህ መርከቡ ላይ ሳትወጣ ትመለሳለህ። በመንገድህ ሸንገንን ለቀህ ድጋሚ የምትገባ ከሆነ ደግሞ ቪዛው ብዙ መግቢያ ያለው ይሁን። ካምፒንግ የማስያዝህ ወረቀት ለቪዛው ማመልከቻ የማደሪያ ማስረጃ ሆኖ ያገለግልሃል፤ ስለዚህ ቀድመህ አስይዝ፣ ግን ሲሰረዝ ገንዘብ የሚመልሰውን ምረጥ።

ጥያቄ፦ እኛ ስዊድን ነን። ከትሬሌቦርግ ወደ ሮስቶክ ስንሻገርስ?

ከትሬሌቦርግ በስተ ምሥራቅ ባሕሩ ዳር ዳላባዴት ካምፒንግ አለ፤ ለጠዋት ፌሪ ይመቻል። ጀርመን ስትገቡ የሞተርሆም ማደሪያዎቹ እንደ ፈረንሳይ ሁሉ ብዙዎቹ ካራቫን አይቀበሉም። ሹፌር ደክሞት መኪና ማቆሚያ ላይ ጥቂት ሰዓት ቢተኛ ጀርመን አትከለክልም፤ ወንበርና ጠረጴዛ ማውጣት ግን ካምፕ ነው፤ አይቻልም። ፍጥነታችሁ ካራቫኑ በ100 ለመሄድ የሚያስፈቅደው የ100 ምልክት ከሌለው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው።

ጥያቄ፦ ከእንግሊዙ ሃሪች ወደ ኔዘርላንዱ ሁክ ኦፍ ሆላንድ የሌሊቱን ፌሪ ብንይዝ ካምፒንግ ያስፈልገናል?

አያስፈልጋችሁም። መርከቡ ላይ ካቢን ይዛችሁ ትተኛላችሁ። ካራቫኑ ውስጥ ማደር ግን አይቻልም፤ የመኪናው ወለል በጉዞ ጊዜ ይዘጋል። ፒጃማና የልጆቹን መድኃኒት በትንሽ ቦርሳ ለዩ።

ጥያቄ፦ ማዕበል ተነሥቶ ፌሪው ቢሰረዝስ?

በመኸርና በክረምት ያጋጥማል። ዶቨር ወደብ በነፋስ ምክንያት ለጊዜው የሚዘጋበት ቀን አለ። የሚቀጥለው ፌሪ ላይ ኩባንያው ያስገባችኋል፤ የሚቸግረው ማደሪያው ነው፤ የተሰረዘበት ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ቦታ ይሄዳልና። ጠዋት ከካምፒንጉ ከመውጣታችሁ በፊት የወደቡን ሁኔታ ስልካችሁ ላይ እዩ። ነፋሱ ካስፈራችሁ ሪሴፕሽን ሄዳችሁ ቦታችንን እስከ ቀትር አትስጡብን በሉ። በሌላ በኩል ያስያዛችሁትም ካምፒንግ ጋ ደውሉ፤ አንዳንዶቹ ደንበኛው በጊዜው ካልመጣ ቦታውን ለሌላ ይሰጣሉ።